የሙላትና የጉድለት ደብተር

ከወደቡ ቢሮ በነጻ የሚታደል፣
ባሕሩ መች ሞልቶ መች እንደሚጎድል
ለቺሎኤ ዓሣ አጥማጅ ቀድሞ የሚናገር፣
ከምድጃው ጎን፣ ከሚስማር ላይ፣ አንድ ቀጭን ደብተር።
ዓመቱን ጻፍኩበት፤
በኅዳጉ፣ በእርሳስ፣ ባዶ ባገኘሁበት።

"ጥር። ሙላት፣ በጧት። ጀልባዋ ቅጥራን ተቀባች።
ያስና ደወለች ከፑንታ አሬናስ፤ ሕፃኗ ጥርስ አወጣች።"

"መጋቢት። ጎደለ።"
ከዚህች ቃል በቀር ገጹ ባዶ ዋለ።
ፋብሪካው ያን ቀን ነው በሩን የዘጋብን፤
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሳልሞን ስንሰነጥቅ ጣት የደነዘዘብን
ሴቶች ተሰልፈን፣ ፈርመን፣ ወጣን፤
የየራሳችንን ቢላ በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡን።
ጎደለ ያልኩት ባሕሩን ይሁን እኔን
እርሳሱ አልለየም፤ ብርድ ይዞት ነበር እጄን።

ቄሱ በወር አንዴ ነው በጀልባ የሚመጣ፤
ሌላውን እሑድ ሽማግሌው ሲክስቶ ነው፣
መነጽሩን በክር አስሮ ፊታችን የሚወጣ።
እኔ ግን ሚያዝያን አልሄድኩም፣ ግንቦትንም አልሄድኩም።
"ከእግዜር ተኳረፍሽ?" አለኝ ከመንገድ አግኝቶ።
"ኧረ አልተኳረፍንም፤
ብቻ እሱም ዝም አለ፣ እኔም አልጠራሁም።"

"ሐምሌ። ሙላት፣ ሌሊት፤ ከተጻፈው በላይ።"
አጥሩን፣ የድንቹን ማሳ፣ ሁለት የፖም ዛፍ
ባሕር ሲወስድብን እናቴ በመስኮት ቆማ ስታይ፣
"ባለዕዳ ነው፣ ይመልሳል" አለች፤
ወደ አልጋዋ ሄደች።

በነሐሴ በዓል፣ የናዝሬቱን ኢየሱስ በዝናብ ሲያወጡ፣
"ትከሻ ጎድሎናል" ብለው ወደኔ መጡ።
ከወዲያኛው ዘንግ ሥር ማን እንዳለ ሳላይ ገባሁ፣ ተሸከምኩ።
ሮሴንዳ ነበረች። እኅቴ።
በአንድ የልብስ ስፌት መኪና የተነሣ
ሰላም ሳንባባል ሦስት ገና ያለፈን።
ቁመቷ ከኔ ያጥራል፤
ምስሉ ወደሷ ያዘነብላል።
"ዝቅ በይ እንጂ!" አለችኝ።
ዝቅ አልኩ።
ከደብሩ እስከ ባሕሩ፣ ከባሕሩ እስከ ደብሩ፣
ጉልበቴን ሸብረክ አድርጌ ሄድኩ።
ይኸው ነው ዕርቃችን፤ ሌላ ቃል አልወጣንም።
ደብተሬ ያን ዕለት "ዝናብ" ብሎ አለፈ፤ ሌላ አልጻፍኩበትም።

በጥቅምት ደቦ ጠራን፣ ቤቱን ልናሻግር
ባሕር ከሚበላው ዳር ወደ ማዶ አፈር።
አሥራ ስድስት በሬ፣ ገመድ፣ የተላጠ ግንድ፤
ጉድለቱን ጠበቅን፣ ጭቃው ተገልጦ እስኪሆን መንገድ።
እናቴ "አልወርድም" ብላ ከነድመቷ ውስጡ ተቀምጣለች፤
በመስኮት ብቅ እያለች በሬ ነጂውን ትሳደባለች።
ጭቃው ላይ አደረስነው። ባዶ በርሜል ከሥሩ አሠርን።
ከዚያ ስድስት ሰዓት ቆመን ቀረን።
ውኃው መጣ፤ ደፉን ነካ፣ ወለሉን አራሰ፣
ቤቴ እንደ ዳክዬ ተነቃነቀ፤ ከመሬት ተነሣ።
ኖልቤርቶ በጀልባ ጎተተው፤
ጭስ ማውጫው ይጨሳል፤ እናቴ እሳቱን አላጠፋችውም ለካ!
ጎደሎ ቀን እያሉ ሲያማርሩ እሰማ ነበር፤
ያለ ጎደሎ ቀን ግን
ቤት ከቆመበት ንቅንቅ አይልም ነበር።

ገና በበጋ ነው እኛ ዘንድ፤ ቀኑ አይመሽም።
ፋብሪካው እንደተዘጋ ነው፤ ጭስ የነካው ዛጎል እሸጣለሁ፣ አያጠግብም።
ቢላዬን ከመጋቢት ጋዜጣ ፈታሁት፣ በጉን አረድንበት።
ሲክስቶ ሊመርቅ ቆሞ መነጽሩ ሾርባ ውስጥ ገባበት።
ሮሴንዳ ሳቀች፤ ከዚያ እኔ፤
ከዚያ፣ ድንገት ሳላስበው፣ "አቤቱ" አልኩ በልቤ።
ምን ልጨምርበት እንደፈለግኩ አላውቅም።

ቤቱ ማዶ ሲያርፍ ትንሽ ዘሟል።
የያስና ልጅ ኳሷን ወለሉ ላይ ባስቀመጠች ቁጥር
ወደ ባሕሩ ይንከባለላል፤
እሷም በዳዴ ታሳድደዋለች።

የመጨረሻው ገጽ፣ የመጨረሻው መስመር፦
"ሙላት፣ እኩለ ሌሊት ሊሆን ሲል።"
ከጎኑ፦ "ለሮሴንዳ ግማሽ ጆንያ ድንች። ለሲክስቶ ጠንካራ ክር።"

አዲሱ ደብተር ሰማያዊ ነው።
በመጪው ሐምሌ ውኃው ስንት እንደሚሞላ
ከወዲሁ ያውቃል።
ስለኛ የሚለው የለውም።

እርሳሱን ቀረጽኩ።